ሙቀቱ ሲመጣ እናትሽን ጠይቂያት

ስዊድን ከገባሁ 19 ዓመቴ ነው። በ46 ዓመቴ ሌሊት በላብ ተጠምቄ መንቃት ጀመርኩ። ጥር ነው፣ ውጭው በረዶ ነው፤ እኔ መስኮት ከፍቼ እቆማለሁ። ጠዋት ሥራ ቦታ የማውቀው ስም ይጠፋኛል። ማታ በትንሽ በትልቁ እቆጣለሁ። የወር አበባዬ አንዴ በ20 ቀን ይመጣል፣ አንዴ ሁለት ወር ይዘላል። ሐኪም ጋ ሄጄ «እንቅልፍ አጣሁ» ብቻ አልኩ። ሌላውን ለማላውቀው ሰው መናገር አፈርኩ። የጭንቀት መድኃኒት ታዘዘልኝ፤ ላቡ ግን አልተወኝም።

በዚያው ዓመት እናቴን ልጠይቅ ጅማ ገባሁ። ሰላምታው ያው ነው፦ «ወፈርሽ፣ ተስማማሽ!» በፍቅር ነው የሚሉት፤ እኔን ግን ከፋኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ያሰፋሁት የሐበሻ ቀሚስ ወገቤ ላይ እንቢ ብሎኝ ነበር። ምግቤ አልተለወጠም፤ ሆዴ ግን የሌላ ሰው ሆኖብኛል።

ከሰዓት ቡና ተፈላ። ቶናው ሲቀዳ ከደረቴ የተነሳ ሙቀት አንገቴንና ፊቴን ወረረኝ። ነጠላዬን ጣልኩት። አክስቴ አየችኝ። ምንም ሳትል የተቀመጥኩበትን በርጩማ አንስታ በረንዳ ላይ አወጣችልኝ፣ ከከሰሉ ራቅ አድርጋ። «እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ሌሊት ሌሊት እዚሁ እየወጣሁ ነው የተቀመጥኩት» አለችኝ። እናቴ ጀበናውን እንደያዘች አቀረቀረች። «እኔን በ49 ነው የቆመብኝ» አለች ቀስ ብላ። ይህን ሁሉ ዓመት በስልክ ስናወራ አንድም ቀን አንስተነው አናውቅም።

እህቴ፣ ዛሬ ማታ ደውይና እናትሽን ጠይቂያት። እሷ ከሌለች አክስትሽን። ብዙ ጊዜ ልጅ በዚህ ነገር እናቷን ትመስላለች።

አረጠች የሚባለው የወር አበባ 12 ወር ሙሉ ሳይመጣ ሲቀር ነው። ከዚያ በፊት ግን ዓመታት የሚወስድ ጊዜ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ በአርባዎቹ ውስጥ ይጀምራል። ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ይላል። ሙቀቱም፣ እንቅልፍ ማጣቱም፣ ንዴቱም ከዚያ ይመጣል። ስብም ወደ ሆድ ይሰበሰባል። ስንፍናሽ አይደለም። ይህን ካወቅሁ በኋላ ቀሚሴን ጅማ ለሚሰፋ ሰው ሰጥቼ ጎንና ጎኑን በጥለት አስቀጠልኩት። አሁን እየለበስኩት ነው።

ሐኪም ፊት እንደኔ ግማሹን አትዋጪ። ሴት ሐኪም ወይም ሴት አስተርጓሚ እንድትሆን ጠይቂ። የወር አበባሽ የመጣበትን ቀንና ሙቀቱ የተነሳበትን ሰዓት ስልክሽ ላይ መዝግበሽ ሂጂ። ታይሮይድና ደም ማነስም ተመሳሳይ ስሜት ስላላቸው ይመርመሩልሽ። የሆርሞን ሕክምና አለ፤ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ፣ የሚቀባና የሚዋጥ። ለሁሉም ሴት አይሆንም፤ የጡት ካንሰር ይዞሽ ከነበረ አስቀድመሽ ተናገሪ። ግን በሰው ወሬ ብቻ ፈርተሽ አትተዪው፤ ጥቅሙንና ጉዳቱን ላንቺ አስመዝኚ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርሽ። ደሙ በየሰዓቱ ሞዴስ የሚያስቀይርሽ ከሆነ፣ ወይም ዓመት ሙሉ ቆሞ ተመልሶ ከመጣ፣ «የዕድሜ ነው» አትበዪ። ሳትውዪ ሳታድሪ ታዪ። ደግሞ ሁለት ወር ዘለለ ብለሽ የእርግዝና መከላከያ አታቁሚ፤ ማርገዝ ገና ይቻላል።

ከማረጥ ጋር አጥንት ስለሚሳሳ በእግር ሂጂ፣ ክብደት አንሺ። እኔና አክስቴ የጅሬንን ዳገት እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ ወጥተነዋል፤ እሷ ቀድማኝ ደረሰች። ፀሐይ በማይበዛበት አገር ከሆንሽ ቪታሚን ዲሽንም አስለኪ።

ቡና ተይ ማለት ለጅማ ልጅ ይከብደኛል። እኔም አልተውኩም። የከሰዓቱን ብቻ አቁሜ ጠዋት እጠጣለሁ፤ እንቅልፌ በዚህ ተሻሽሏል።

ለባልሽም ንገሪው። የኔው አልጋ ስለይ የተጣላን መስሎት ወር ሙሉ ሲጨነቅ ከርሟል።

እናቴ አሁን ስደውልላት ልጆቹን ከመጠየቋ በፊት «ሙቀቱስ?» ትለኛለች።