የምራቴ እናት ጳጳሱን ለማየት ለምን አልሄዱም?

ጥያቄ

ልጄ፣ እንደምን ከረምሽ? እኔ የ67 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ካቶሊክ ነኝ፤ ክርስትና የተነሳሁትም የተዳርኩትም ልደታ ማርያም ካቴድራል ነው። የመጨረሻው ልጄ አየርላንድ፣ ደብሊን ከገባ 11 ዓመት ሆነው። እዚያው የአገሩን ልጅ አገባ፤ አምና ወንድ ልጅ ወለዱ። ሕፃኑን እኔ ዘንድ ክርስትና ሊያስነሱት በጥር ይመጣሉ። የምራቴ እናትም አብረው ይመጣሉ።

ደስ ብሎኛል። ግን አንድ ነገር ከንክኖኛል። ባለፈው ልጄ እያስተረጎመን በስልክ ስንጫወት «የሮማው ጳጳስ አገራችሁ ሲመጡ አይተዋቸዋል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «የመጀመሪያውን አይቻለሁ። ለሁለተኛው ቲኬት ነበረኝ፤ ግን አልሄድኩም» አሉኝ። ቃል አጣሁ። እኔ ጳጳሱ አዲስ አበባ ቢመጡ በባዶ እግሬም ቢሆን እሄዳለሁ። እዚህ ሰው «ፈረንጅ ሲጠግብ እግዜርን ይረሳል» ይለኛል። እውነት እምነታቸውን ጥለው ነው? እንግዳዬንስ ምን ብዬ ላጫውታቸው?

አያት ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

እናቴ፣ ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እንግዳዎ ገና ሳይመጡ ስለ እሳቸው ማሰብዎ ልቤን ነክቶታል።

አስቀድሜ ልንገርዎ፤ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ደብሊን ስኖር 17 ዓመቴ ነው። የምተዳደረው በየቤቱ እየዞርኩ አረጋውያንን በመንከባከብ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፍልዎን ግማሹን ያነበብኩት፣ ግማሹን ደግሞ ሻይ እያፈላሁና እግር እያጠብኩ የሰማሁት ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ፖፕ ዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስ ደብሊን የገቡት ሴፕቴምበር 29 ቀን 1979 ነው። ከዚያ በፊት አየርላንድን የረገጠ የሮማ ጳጳስ የለም። አውሮፕላናቸው ሊያርፍ ሲል ፊኒክስ ፓርክ በሚባለው ትልቅ መናፈሻ ላይ ዝቅ ብሎ አለፈ። ታች 1.25 ሚሊዮን ሰው ቆሞ ወደ ላይ ያያል። የአገሩ ሕዝብ ያኔ 3.4 ሚሊዮን ቢሆን ነው። ከሦስት ሰው አንዱ እዚያ ሜዳ ላይ ነበር ማለት ነው።

የምንከባከባቸው አንዲት እናት ከመሃላቸው ነበሩ። ያኔ 35 ዓመታቸው ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከቤታቸው ወጡ። አራት ልጆች፣ ሁለት ፔርሙስ ሻይ፣ አንዲት ቀይ ታጣፊ በርጩማ። ጳጳሱን ያዩዋቸው ከሩቅ እንደ ነጭ ነጥብ ነው። «ግን ማንም ማንንም አልገፋም። ሁላችንም ከአንድ እናት የተወለድን ነበር የምንመስለው» ብለውኛል። በርጩማዋ ዛሬም ወጥ ቤታቸው ውስጥ አለች። ቀዩ ሸራ ነጥቷል። ሌላ ሰው እንዲቀመጥባት አይፈቅዱም።

በማግስቱ ጎልዌይ ላይ ለወጣቶች ተቀደሰ። ጳጳሱ እወዳችኋለሁ ሲሏቸው ወጣቶቹ ጭብጨባውን ማቆም አቃታቸው። እሳቸው እስኪደርሱ ሕዝቡን ያሟሟቁት ሁለት ታዋቂ አባቶች ነበሩ፤ የአገሩ ጳጳስ ኤመን ኬሲና አባ ማይክል ክሊሪ። ሁለቱም በምስጢር የወለዷቸው ልጆች እንዳሏቸው ከዓመታት በኋላ ተሰማ። የኬሲው የወጣው በ1992 ነው። አገሩ ጉድ አለ። በኋላ ከመጣው ጋር ሲተያይ ግን ያ ቀላል ነበር።

በኋላ የመጣው የሕፃናት ነገር ነው። በ2005 የፈርንስ ሀገረ ስብከት ምርመራ ይፋ ሆነ። በ2009 ሁለት ተከታትለው ወጡ፤ አንዱ ገዳማውያን ስለሚያስተዳድሯቸው የልጆች ማሳደጊያዎች፣ ሌላው ስለ ደብሊን ሀገረ ስብከት። ካህናት ሕፃናትን ደፍረዋል። አለቆቻቸው ይህን እያወቁ ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው አዛውረዋቸዋል። ገበና እንዳይወጣ ተብሎ። እናቴ፣ እዚህ ላይ እኔ መታገስ አልችልም። ልጅን ያቆሰለ ሰው ሲሸሸግ ገበና ተሸፈነ አይባልም። ሌላ ልጅ ተሰጠው ነው የሚባለው።

ቀጥሎ ያለውን ግን እርስዎም እኔም ከአገራችን እናውቀዋለን፤ ይሉኝታን። አየርላንድ ውስጥ ሳታገባ ያረገዘች ልጅ የቤተሰብ ውርደት ነበረች። ወላጆቿ ራሳቸው፣ ብዙ ጊዜ ከቆሞሱ ጋር ተማክረው፣ መነኮሳት ወደሚያስተዳድሩት ቤት ይወስዷታል። እዚያ ትወልዳለች። ልጇ ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ ወይም እዚያው ይቀራል። ሌሎች ሴቶች ደግሞ መግደላዊት በሚባሉት የልብስ ማጠቢያ ቤቶች ያለ ደመወዝ ይሠሩ ነበር። ከ1922 እስከ 1996 ድረስ ወደ 10,000 የሚጠጉ ሴቶች በእነዚህ ቤቶች ማለፋቸውን መንግሥት ራሱ በ2013 ያወጣው ጥናት ይናገራል። በ1996 እኔ አዲስ አበባ ተማሪ ነበርኩ። የሩቅ ዘመን ታሪክ አይደለም።

ቱዋም የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ካትሪን ኮርለስ የምትባል የአካባቢ ታሪክ ወዳድ ሴት፣ እዚያ በነበረው የእናቶችና የሕፃናት ቤት የሞቱ ልጆችን ስም ፍለጋ ገባች። ለእያንዳንዱ የሞት ምስክር ወረቀት 4 ዩሮ ከኪሷ እየከፈለች 796 ስም ሰበሰበች። መቃብራቸው ግን አልተገኘም። በ2017 መርማሪዎች ከፍሳሽ ጋር የተያያዘ የመሬት ውስጥ ግንብ ውስጥ የሕፃናት አፅም አገኙ። አፅሙን የማውጣቱ ቁፋሮ የተጀመረው ገና በ2025 ነው።

ፖፕ ፍራንሲስ የመጡት እንግዲህ ወደዚህ አገር ነው። ኦገስት 25 ቀን 2018። ከሦስት ወር በፊት ሕዝቡ የፅንስ ማቋረጥ ክልከላውን ከሕገ መንግሥቱ ለማውጣት 66 ከመቶ ድምፅ ሰጥቷል። ከሦስት ዓመት በፊት ደግሞ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን አጽድቋል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሊዮ ቫራድከር በደብሊን ቤተ መንግሥት ጳጳሱን በክብር ተቀብሎ፣ ማጠቢያ ቤቶቹንና የእናቶቹን ቤቶች ስማቸውን እየጠራ ፊት ለፊት ነገራቸው። የቤተ ክርስቲያን ነውር ብቻ ብሎ አልተወውም፤ የመንግሥትም የኅብረተሰቡም ነው አለ። ይህን ሲል ነው እኔ ያከበርኩት።

በማግስቱ እሑድ ፊኒክስ ፓርክ ቅዳሴ ነበር። 500,000 ነፃ ቲኬት ታድሎ አልቋል። የመጣው ሰው ግን ከ130,000 እስከ 150,000 ተገመተ፤ ቫቲካን 300,000 ብላለች። ሆን ብለው ቲኬት ወስደው የቀሩ ተቃዋሚዎች ነበሩ። ዝናብ ነበር፣ መንገድ ተዘግቶ ብዙ ማስኬዱም ነበር። በዚያው ሰዓት መሃል ከተማ ሌላ ሕዝብ ለተጎጂዎቹ ቆሞ፣ ከዚያ ወደ መጨረሻው ማጠቢያ ቤት በዝምታ ተጉዟል። ቱዋም ላይ ደግሞ የ796ቱን ልጆች ስም አንድ በአንድ ያነብቡ ነበር።

እኔ የት ነበርኩ? ባለ በርጩማዋ እናት ቤት። 74 ዓመት ሆኗቸዋል። እሳቸውም እንደ ምራትዎ እናት ቲኬት ነበራቸው፤ የልጅ ልጃቸው አውጥታላቸው ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል። ጠዋት «ልውሰድዎት?» ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቴሌቪዥኑን ከፍተን ድምፁን ዝቅ አድርገን ተቀመጥን። እሳቸው ድንች ይልጣሉ።

ቅዳሴው ሲጀመር ጳጳሱ በስፓኒሽ የይቅርታ ጸሎት አነበቡ። ከመካከሉ እንዲህ የሚል ነገር አለ፤ ልጆቻቸውን የተነጠቁ እናቶች ልጆቻቸውን ሲፈልጉ፣ ልጆችም እናቶቻቸውን ሲፈልጉ፣ ይህ ከባድ ኃጢአት ነው ተብለዋልና ይቅርታ እንለምናለን። ኃጢአት አይደለም አሉ፤ አባትህንና እናትህን አክብር የሚለው ትእዛዝ ነው አሉ።

የድንቹ ቢላ ቆመ። «ድምፁን ጨምሪው» አሉኝ። ጨመርኩ። ሜዳው ላይ ሰዉ ያጨበጭባል። እሳቸው ለረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ «አሁን?» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ማታ ነው ነገሩን የነገሩኝ። ታላቅ እህታቸው በ19 ዓመቷ አርግዛ በሌሊት መኪና ወሰዳት። ስትመለስ ልጅ የላትም። ልፈልገው ስትል ኃጢአት ነው አሏት። አመነቻቸው። ዕድሜዋን ሙሉ ሳትፈልገው ኖራ ሞተች። ጸሎቱ በቴሌቪዥን ሲነበብ ከተቀበረች 9 ዓመት አልፏታል። ይህን ነግረውኝ ሲጨርሱ መቁጠሪያቸውን ከትራሳቸው ስር አወጡና እንደ ሁልጊዜው ጸሎታቸውን አደረሱ። በ17 ዓመት ውስጥ ያለ መቁጠሪያ ሲተኙ አላየሁም።

እንግዲህ እናቴ፣ እኚህ ሴት እምነታቸውን ጥለዋል ሊሉኝ ነው? «ሲጠግቡ እግዜርን ረሱ» የሚለውን እኔም በሐበሻ ቤት ሁሉ እሰማዋለሁ፣ በሰማሁ ቁጥርም ያመኛል። ያልሄዱት ብዙዎቹ በ1979 ሌሊት ተነስተው የሄዱት ናቸው። በጣም ስላመኑ ነው በጣም የተጎዱት። እውነት ነው፣ ደንታ የሌላቸውም አሉ። ቲኬቱን ያወጣችላቸው የልጅ ልጅ ለራሷ አላወጣችም፤ ለእሷ ጳጳሱ እንደ ማንኛውም የውጭ አገር እንግዳ ናቸው። በሕዝብ ቆጠራ ካቶሊክ ነኝ ያለው ሰው በ2016 ከነበረበት 78 ከመቶ በ2022 ወደ 69 ወርዷል። ደግሞ የሄዱትንም አልንቅም። ጎረቤታችን በታመመ ጉልበታቸው በዝናብ ተጉዘው፣ ረጥበው፣ ደስ ብሏቸው ተመልሰዋል። እሳቸውም ስለ ልጆቹ አልቅሰዋል።

የምራትዎ እናት ምን እንደገጠማቸው እኔ ልገምት አልችልም። ስለዚህ «ለምን አልሄዱም?» ብለው አይጠይቋቸው። በዚያ አገር ይህ ጥያቄ የቤተሰብ ቁስል ሊነካ ይችላል። ይልቅ ስለ መጀመሪያው ይጠይቁ። ከማን ጋር ሄዱ? ምን ይዘው ሄዱ? በዚያ ዘመን የነበረ አይሪሽ ስለዚያ ቀን ተናግሮ አይጠግብም። ሌላውን ራሳቸው ከፈለጉ ያመጡታል። ካመጡት ቡናውን ያቅርቡና ዝም ብለው ያድምጡ፤ «ሁሉም ካህን እንደዚያ አይደለም» ብለው አያቋርጧቸው። ያንን ያውቁታል።

ሌላ ደግሞ፣ ለቆሞስዎ አስቀድመው ሹክ ይበሏቸው። በክርስትናው ዕለት መስቀል ካልተሳለሙ፣ ወይም ወደ ኋላ ከቆሙ፣ ማንም እጃቸውን እንዳይጎትት። ሕፃኑን ግን እሳቸው ይዘውት ይግቡ። ከኤርፖርት ሲመጡ ብርድ ልብስ ያዘጋጁላቸው፤ ከአየርላንድ የመጣ ሰው አዲስ አበባ ሙቀት ነው ብሎ ጃኬት ሳይዝ ይመጣል፣ የጥር ሌሊት ደግሞ ያውቁታል።

ጥያቄ

በሚቀጥለው ወር ለሦስት ቀን ደብሊን እመጣለሁ። በ1979 ጳጳሱ የቀደሱበት ትልቅ መስቀል አሁንም አለ ይባላል። ማየት ይቻላል?

ወንድማችሁ፣ ከለንደን

መልስ

አለ፣ ክፍያም የለውም። ፊኒክስ ፓርክ ውስጥ ነው። ሉዋስ በሚባለው የከተማ ባቡር በቀዩ መስመር ሂውስተን ጣቢያ ውረድና በእግር ግባ፤ መናፈሻው ሰፊ ስለሆነ እስከ መስቀሉ ከ40 ደቂቃ በላይ ያስኬዳል። ከብረት የተሠራ ነጭ መስቀል ነው፣ ቁመቱ 35 ሜትር። ጉብታ ላይ ስለቆመ ከሩቅ ታየዋለህ። ፖፕ ፍራንሲስም የቀደሱት እዚያው ነው።

ጠዋት ብትሄድ አጋዘኖቹን ሜዳው ላይ ታገኛቸዋለህ። ምግብ መስጠት ክልክል ነው፣ ራቅ ብለህ እያቸው። ልጆች ጉብታውን እየሮጡ ይወጣሉ፣ ይንከባለሉበታል። ጫፉ ላይ ሆነህ ወደ ታች ስታይ እስከ ዛፎቹ ድረስ ሣር ብቻ ነው። ነፋሱ ኃይለኛ ነው፤ ኮፍያ ያለው ጃኬት ያዝ።