ሁለት አማካሪ፣ አንድ ትዳር

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ የምኖር ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት ነኝ። በሶሺዮሎጂ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ስሆን፣ የማጠናው የገጠር ሴቶች የውርስ መሬት ድርሻቸውን ለወንድሞቻቸው ለምን እንደሚተዉ ነው። ርእሱ ሁለት ሙያ ስለሚነካ ዋናው አማካሪዬ ከሶሺዮሎጂ፣ ረዳቱ ከኢኮኖሚክስ ናቸው። አንዱ «ከሴቶቹ ጋር ረጅም ቃለ መጠይቅ አድርጊ» ሲሉኝ ሌላው «በሃያ ሰው ምን ይደመደማል? መጠይቅ በትኚ» ይሉኛል። መንገድ እየተዘጋም መረጃ መሰብሰቡ ተጓተተ። ባለቤቴ «መቼ ነው የሚያልቀው?» ባለ ቁጥር እንጣላለን። የእሱም እህት ድርሻዋን ለወንድሞቿ የተወች ናት፤ ጥናቴ ሲነሳ ፊቱ ይጠቁራል። እንቅልፍ አጥቻለሁ። ትምህርቱን ልተው ወይስ ትዳሬን?

መልስ፦ እህቴ፣ ምርጫው እዚያ የደረሰ አይመስለኝም። የባለቤትሽ ጥያቄ የሚያናድድሽ መልሱን አንቺም ስለማታውቂው ነው። የማታውቂውም አማካሪዎችሽ ምን ሲሟላ «አለቀ» እንደሚባል ስላልተስማሙ ነው። በአንድ ሙያ ውስጥ የሚጽፍ ተማሪ ምን ያህል እንደሚበቃ ከቀደሙት አይቶ ያውቃል። ያንቺ ሃያ ቃለ መጠይቅ ግን ለአንዱ ብዙ ነው፣ ለሌላው ምንም። ለሁለቱም ስትደክሚ ውለሽ በሁለቱም ፊት እንደጎደልሽ ይሰማሻል፤ ያን ይዘሽ ነው ቤት የምትገቢው።

እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ፣ ቤልጅየም ፍላንደርስ ውስጥ 3,659 የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎችን ያካተተ ጥናት ከሦስቱ አንዱ ገደማ ለአእምሮ ሕመም፣ በተለይም ለድብርት፣ የተጋለጠ መሆኑን አግኝቷል። ከችግሩ ጋር ከተያያዙት መካከል የአማካሪው አመራርና የሥራና የቤተሰብ ግጭት ይገኙበታል። ኑሯቸው ከእኛ ኑሮ ጋር አይገናኝም፤ እነዚህ ሁለቱ ግን አንቺም ዘንድ አሉ።

ስለዚህ መጀመሪያ አማካሪዎችሽን አንድ ላይ አስቀምጪ። እስካሁን የአንዱን ቃል ለሌላው ስታመላልሺ እንደኖርሽ እገምታለሁ። ትልልቅ ሰዎችን ፊት ለፊት ማገናኘት በእኛ ዘንድ ድፍረት ይመስላል፤ «ልታጋጨን ነው» እንዳይሉም ያስፈራል። «ግራ ገብቶኛልና አብራችሁ ምከሩኝ» ካልሽ ግን የሚቀየም አይኖርም። አንድ ገጽ ይዘሽ ግቢ፦ ጥያቄሽ፣ ስንት ቃለ መጠይቅ፣ መጠይቁ ካስፈለገ ለየትኛው ምዕራፍ። ቃለ መጠይቁ ቀድሞ መጠይቁ ከእሱ ሊወጣ ይችላል፤ ጭራሹን ሊቀርም ይችላል። ካልተስማሙ ዋናው አማካሪ ይወስኑ። የተወሰነውን በዚያው ቀን ለሁለቱም በኢሜይል ላኪ፤ ይህን የዘለለ ተማሪ ከወራት በኋላ «እኔ እንዲያ አላልኩም» ይባላል።

ከዚያ ለባለቤትሽ የምትሰጪው መልስ ይኖርሻል። የምረቃ ቀን አትማዪለት። «እስከ ጥምቀት ይህን ምዕራፍ እጨርሳለሁ፣ እሑድ ኮምፒውተር አልከፍትም» በቂ ነው፤ እሑዱን ግን አክብሪው።

እንቅልፍ ማጣቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ምግብ ካስጠላሽ ወይም የምትወጂው ነገር ሁሉ ከሰለቸሽ እዚያው ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ታዪ። «ባልኖርስ» የሚል ሐሳብ ከመጣ አንድ ሌሊትም አታሳድሪው።

አሁን ደግሞ በአንድ መስመር ወዳለፍሽው ነገር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ሴትን በመሬትም በውርስም ከወንድ እኩል ያደርጋታል። ይህን ስታጠኚ ውለሽ ማታ ስትገቢ ባለቤትሽ ዳኛ የገባበት ቢመስለው አልፈርድበትም። ምናልባት የእናቱ ቤት ጉዳይ ጽሑፍ ሆኖ እንዳይወጣ ፈርቶ ይሆናል፤ ምናልባትም እህቱ ስትተው ዝም ማለቱ ዛሬ ይከነክነው ይሆናል። የትኛው እንደሆነ እኔ ከዚህ ሆኜ አላውቅም። እህቱን እንደማትጠይቂ፣ የማንም ስም እንደማይወጣ ንገሪው። ቀጥሎ «እህትህ ስትተው ምን ተሰማህ?» በዪውና አዳምጪው። ማስታወሻ ደብተርሽን ግን አደራ፣ በዚያ ሰዓት አትያዢ።