ለሽሮ ሜዳዋ የሸማኔ ልጅ

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አባትሽ ሸማኔ ናቸው፤ አንቺ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛን ጨርሰሽ የማለፊያ ነጥብ አምጥተሻል፤ ዲዛይን መማር ትፈልጊያለሽ። እሳቸው ግን «የሽመና ጉድጓድ ውስጥ የከረምኩት አንቺ ቢሮ እንድትገቢ ነው፤ አካውንቲንግ ተማሪ» ብለውሻል።

አትቀየሚያቸው። ባለ እጅ በአገራችን ምን ሲባል እንደኖረ ያውቃሉ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ»፣ ቀጥቃጩን «ጠይብ» እያሉ መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ አዋጁ ወጣ እንጂ ስድቡ አልቀረም። ስለዚህ «ባህላችን ነው» እያልሽ አትሟገቻቸው፤ እሱን በየበዓሉ ሰምተውታል። እሳቸውን የሚያሳምናቸው ሒሳብ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ትምህርት ቤቱን በተመለከተ፣ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት አለ። እሱን ካሰብሽ ከአሁኑ በየቀኑ ሣዪ። ምደባው ከቀናሽ ደግሞ ባሕር ዳር ያለው የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ኢንስቲትዩት ስለ ክር፣ ስለ ቀለምና ስለ ልብስ ዲዛይን ያስተምርሻል። ቴክኒክና ሙያም በደረጃ እየተመዘኑ የሚያልፉበት መንገድ ነው። ለአንቺ ባሕር ዳርን እመርጥ ነበር። ግን ከሁሉም በፊት ይህን ክረምት አባትሽ ዘንድ ተቀመጪና ሸምኚ።

ቀልዴን አይደለም። አንድ ጊዜ አንዲት የዲዛይን ምሩቅ ንድፎቿን ይዛ መጣች፤ ወረቀቱ ላይ ያማረ የአበባ ሐረግ ነው። አንድ የማውቃቸው ሸማኔ አይተው ሳቁና «ይሄ የሚሸመነው በእርሳስ ነው» አሏት። በቁመት የሚወጠረው ድርና በአግድም የሚገባው ማግ ቀጥ ብለው ነው የሚተላለፉት፤ ክብ የሆነ መሥመር ጥለት ላይ ሲወርድ ደረጃ ደረጃ ይሠራል። ደረጃው እንዲያንስ ከፈለግሽ ክሩ መቅጠን፣ ድሩም መጠቅጠቅ አለበት፤ ያኔ የሥራው ቀን ይረዝማል፣ ዋጋውም አብሮ ይወጣል። የጨርቁ ወርድም እንደዚሁ ነው፤ ማጉን የሚያሻግረውን መወርወሪያ በአንድ እጅ ልኮ በሌላው መቀበል እስከተቻለ ድረስ ብቻ ይሰፋል። ከዚያ ካለፈ ሁለት ቁራጭ ጨርቅ አጋጥሞ መስፋት ነው። ስፌቱ የት ይረፍ? ተደብቆ ይቅር ወይስ ይታይ? ዲዛይን የምትይው ነገር እዚያ ላይ ይጀምራል። ልጅቷ ጎበዝ ነበረች፤ የጎደላት አንድ ክረምት ብቻ ነው።

«ሴት ትፈትላለች እንጂ አትሸምንም» የሚልሽ አይጠፋም። ልማዱ እንደዚያ ነበር፤ አሁን ግን ሴቶች የሚሸምኑባቸው የሥራ ቦታዎች አሉ። እንዲያውም እናትሽ ወይም አያትሽ ፈታይ ከሆኑ በእጅ የተፈተለና የፋብሪካ ክር ጎን ለጎን አድርገሽ ሥሪ፤ ልዩነቱን ጣትሽ ይነግርሻል።

አሁን የቤት ሥራሽ። አንድ ወፍራም ደብተር ግዢ። መዳፍ የምታህል ናሙና በሸመንሽ ቁጥር ለጥፊበት፤ አጠገቡ ድሩ ምን ክር እንደሆነ፣ ማጉ ምን እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀ፣ የክሩን ዋጋ፣ ከተበላሸም ለምን እንደተበላሸ ጻፊ። ሃያ ናሙና ካለሽ፣ ፈታኝም ሆነ ቀጣሪ ፊት ስትቀርቢ ከብዙ ሥዕል የበለጠ ያወራልሻል።

ሒሳቡም ከዚያው ደብተር ይወጣል። አባትሽ ለነጋዴ የሚያስረክቡት ነጠላ ስንት ሰዓት እንደወሰደባቸው ቆጥረው ያውቁ እንደሆነ ጠይቂያቸው። ብዙ ሸማኔ ክሩን ይቆጥራል፣ ሰዓቱን አይቆጥርም። ጥለት አስመስሎ በማሽን ተሠርቶ ከውጭ ከሚገባው ጨርቅ ጋር በርካሽነት አትወዳደሪም፤ አትሞክሪውም። በትእዛዝ የሚሠራ፣ ቁጥሩ ያነሰ፣ ቀለሙና ልኩ ለአንድ ቤት ወይም ለአንድ ሰው የተመረጠ ነገር ግን ሌላ ዋጋ አለው። የአንገት ልብስ፣ መጋረጃ፣ የትራስ ልብስ ሞክሪ፤ የእያንዳንዱን ወጪና ሰዓት ከነጠላው ጎን አስቀምጪና ለአባትሽ አሳዪያቸው። ካላዋጣም ሳትደብቂ ንገሪያቸው፤ ያኔ የአካውንቲንጉን ነገር አብረን እናስብበታለን።

መስከረም ሲጠባ ደብተሩን ይዘሽ ነይ። የተበላሹትን ናሙናዎች እንዳትጥያቸው፤ መጀመሪያ የማየው እነሱን ነው።