ጥሩሩን ለበሰው፣ ታጠቀው ወይስ ተሳፈረበት?

ጥያቄ፦ የአንድ የሳይንስ ልብ ወለድ ቪዲዮ ጨዋታ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። በጨዋታው አንድ ወታደር ገና በሙከራ ላይ ያለ፣ በሞተር የሚንቀሳቀስ የብረት ጥሩር አለው። ጥሩሩ ከጀርባ ይከፈታል፣ ወታደሩ ይገባበታል፣ ከዚያም ይዘጋል። እኔ «ለበሰ» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ባልደረባዬ «ታጠቀ» ይሻላል ይላል፤ ሌላው ደግሞ ማሽን ስለሆነ «ተሳፈረ» ሊባል ይገባል ባይ ነው። የቱ ነው ትክክል? ጥሩሩን ለብሶ ሲዋጋስ «እየለበሰ ነው» ማለት ይቻላል? «የጥሩር ናሙና» ብዬ መሰየሜስ?

መልስ፦ «ለበሰ» ማለትዎ ትክክል ነው። እንዳይለውጡት።

አማርኛ በሰውነት ላይ ለሚውል ነገር ሁሉ አንድ ግስ አይበቃውም። ጫማ እንጫማለን፣ ቀበቶ እንታጠቃለን፣ ቆብ እንደፋለን፣ ቀለበት እናጠልቃለን፣ ካባ እንደርባለን። ግሱን የሚመርጠው ዕቃው ከአካል ጋር የሚገናኝበት መንገድ ነው እንጂ ከምን እንደተሠራ አይደለም። ስለዚህ ጥሩር ብረት መሆኑ ከመለበስ አያግደውም። በመጽሐፍ ቅዱስ ኤፌሶን ምዕራፍ 6 ላይ ወገብ ይታጠቃል፣ ጥሩር ይለበሳል፣ እግር ይጫማል፤ ሦስቱም በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ እያንዳንዱ በቦታው። ጎልያድም የናስ ቁር ደፍቶ ጥሩር ለብሶ ነበር። «ታጠቀ» ወገብን ለሚዞርና ለጦር መሣሪያ የተያዘ ነው። ወታደሩ ጥሩሩንም ጠመንጃውንም ይዞ ሲወጣ «ሙሉ ትጥቁን ታጥቆ» ቢሉ ያምራል፤ ለጥሩሩ ብቻ ግን አይሆንም።

የሁለተኛው ባልደረባዎ ሐሳብ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የጎልያድ ጥሩር 5000 ሰቅል ይመዝን ነበር፤ በዛሬ መለኪያ 57 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ጄኔራል ኤሌክትሪክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የሠራው ሃርዲማን የተባለው ሰው የሚገባበት፣ በኃይል የሚንቀሳቀስ የብረት አጽም ግን 680 ኪሎ ግራም ያህል ነበር። ይህን ማንም ሰው ተሸክሞ አይቆምም፤ ተሸካሚው ማሽኑ ነው። ታዲያ ሰውየው ለበሰው ወይስ ማሽኑ ሰውየውን ያዘው? እኔ ለበሰው እላለሁ። አማርኛ «ለበሰ» ሲል የሚጠይቀው ክብደቱ በማን ላይ እንዳረፈ አይደለም፤ የላዩ ከውስጡ ጋር አንድ አካል ሆነ ወይ ነው። «ሥጋ ለበሰ» እንላለን፤ ሰውን «ሥጋ ለባሽ» እንለዋለን፤ ምድር ልምላሜ ትለብሳለች። ከእነዚህ አንዱም ጨርቅ አይደለም። ወታደሩ ክንዱን ሲያነሣ የብረቱ ክንድ አብሮ ከተነሣ፣ ለብሶታል። ወንበር ላይ ተቀምጦ በማንሻ የሚያሽከረክረው ከሆነ ብቻ ተሳፍሮበታል።

የጨዋታው አሠራርም ለግሱ ምርጫ ይመዘናል። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ፎልአውት 3 ተጫዋቹ ጥሩሩን ከጓዙ መርጦ እንደ ማንኛውም ልብስ ይለብሰዋል። በ2015 በወጣው ፎልአውት 4 ግን ጥሩሩ የብረት አጽም ነው፤ የራስ፣ የደረት፣ የክንድና የእግር ሰሌዳዎች ይገጠሙለታል፣ ተጫዋቹ ከጀርባ ይገባበታል፣ ሲወጣም ጥሩሩ እንደ ቆመ ይቀራል። የእርስዎም እንዲህ ያለ ከሆነ ቅጽበቱን «ገባ» እና «ወጣ» ይበሉት፤ በመካከል ያለው ሁኔታ «ለብሷል» ነው። «አወለቀ»ን ለሰሌዳዎቹ ይተዉለት።

«እየለበሰ ነው» የሚለው ግን ስሕተት ነው፤ ይህ ስሕተት በየትርጉሙ እየበዛ በመምጣቱ በጣም ያሳስበኛል። «እየለበሰ ነው» ማለት ገና አልጨረሰም፣ አንድ እጁ ገብቶ ሌላው ውጭ ነው ማለት ነው። ለብሶ የሚዋጋውን ሰው «ለብሷል» እንለዋለን። «ተቀምጧል»፣ «ተኝቷል»፣ «ይዟል» ሁሉ እንዲሁ ናቸው፤ ድርጊቱ አልቆ ውጤቱ ይቀጥላል። ጥሩሩ እየተዘጋ እያለ የሚወጣው መልእክት «እየለበሰ ነው» ይሁን፤ ከተዘጋ በኋላ «ለብሷል» ይሁን። ሁለቱን ካደባለቁ ተጫዋቹ መቼ መሮጥ እንደሚችል አያውቅም። ሰሌዳዎቹን የሚገጥሙለት ሌሎች ከሆኑ «አለበሱት» ነው፤ አዛዡ በሌሎች እጅ ካስደረገው ደግሞ «አስለበሰው»።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጨምር፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግርዎ እርሱ ይመስለኛልና። «ተመታ፤ ቀኝ ክንዱ ተቆረጠ» ብለው ቢጽፉ፣ የተቆረጠው የማን ክንድ ነው? ወታደሩም ጥሩሩም በወንድ አንቀጽ ስለሚነገሩ ግሱ አይለያቸውም። አንባቢው ወታደሩ ሞተ ብሎ ሲያዝን የተሰበረው ብረት ሊሆን ይችላል። በየጊዜው «የጥሩሩ ክንድ» ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን በውጊያ መካከል ዓረፍተ ነገሩን ያንዛዛዋል። ቋንቋችን የተሻለ መንገድ አለው፦ መኪናዋ፣ መርከቧ፣ አውሮፕላኗ እንደምንል ጥሩሩን በሴት አንቀጽ ይጥሩት። «ጥሩሯ ተመታች፤ ቀኝ ክንዷ ተቆረጠ፤ እርሱ ግን አልቆሰለም።» ማንም አይሳሳትም። ተዋጊዋ ሴት ስትሆን ጥሩሩን ወደ ወንድ አንቀጽ ይመልሱት።

ስለ ስሙ፦ «የጥሩር ናሙና» ሲባል «የደም ናሙና» እንደምንለው ከጥሩሩ ለምርመራ የተቆረሰ ብረት ይመስላል። ቅደም ተከተሉን ገልብጠው «ናሙና ጥሩር» ይበሉት፤ ሙሉው ጥሩር ራሱ ናሙና መሆኑ ያን ጊዜ ይታያል። «የሙከራ ጥሩር» ግን ለልምምድ የሚለበስ ስለሚመስል እኔ አልመርጠውም።