መሲንቆና ክራር ከድራም ጋር ሲጫወቱ ሞኒተሩ እንዳይጮህ

ሰላም ወንድማችን። መሲንቆና ክራር ከድራም፣ ከቤዝና ከኪቦርድ ጋር መድረክ ሲወጡ ሞኒተሩ (ወደ ተጫዋቹ የዞረው ስፒከር) ይጮሃል፣ ሲቀነሱ ደግሞ ጭራሽ አይሰሙም፣ ኢኪው (የድምፁን ፍሪኩዌንሲ መጨመሪያና መቁረጫ) ላይ ምን ልቁረጥ ብለህ ጠይቀሃል። ኢኪው የመጨረሻው ሥራ ነው። ከሱ በፊት ያለው ካልተስተካከለ የምትቆርጠው ሁሉ የመሲንቆውን ድምፅ ይበላል እንጂ ጩኸቱን አያቆምም።

ችግሩ የሚጀምረው መሣሪያዎቹ ላይ ከተወጠረው ቆዳ ነው። ቆዳውን የሚያንቀጠቅጠው ክሩ ብቻ አይደለም፤ ከሞኒተርና ከቤዝ አምፕ የሚወጣው ድምፅም ያንቀጠቅጠዋል፤ ያም ተመልሶ ወደ ሞኒተሩ ይገባል። ሲጮህ መዳፍህን ቆዳው ላይ ቀስ አድርገህ አሳርፍ። ጸጥ ካለ መነሻው መሣሪያው ነው። ካልቆመ አጠገቡ የተከፈተ የዘፋኝ ማይክ ፈልግ።

ለእነዚህ ሁለት መሣሪያዎች ድምፅ በሚበዛበት መድረክ ላይ ማይክ አቁሞ መጫወት አይመከርም። ፒየዞ (መሣሪያው ላይ ተለጥፎ ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ስስ ሴራሚክ) ይሻላል፤ እሱም ቢሆን የሚለጠፍበት ቦታ ወሳኝ ነው። ቆዳው መሃል ላይ ከለጠፍከው የአካባቢውን ድምፅ ሁሉ ይለቅማል። በብርኩማው (ክሩን ቆዳው ላይ በሚሸከመው እንጨት) እግርና በቆዳው መካከል ሲገባ ግን የክሩን ጉልበት በቀጥታ ያገኛል፣ የሚፈለገው ድምፅ ከማይፈለገው በልጦ ይወጣል። ስትጭነው ሴራሚኩ እንዳይሰነጠቅ ተጠንቀቅ። ሽቦውን መሲንቆው አንገት ላይ በቴፕ እሰረው፤ ከተንጠለጠለ በተነካ ቁጥር ይንኳኳል።

ፒየዞውን በቀጥታ ሚክሰሩ ላይ መሰካት ብዙ ቦታ የሚታይ ስህተት ነው። 27 ሚሊሜትር የሆነው የተለመደው ፒየዞ ወደ 20 ናኖፋራድ ግድም ካፓሲታንስ (ኤሌክትሪክ የመያዝ አቅም) አለው። 10 ኪሎኦም ላይን ኢንፑት ላይ ሲሰካ ከ800 ሄርትዝ በታች ያለው ድምፅ እየሳሳ ይሄዳል። ድምፁ ቀጭንና የሚቧጥጥ ይሆናል፤ ሳውንድ ማኑ ያንን ለማካካስ የታችኛውን ድምፅ ይጨምራል፣ ጩኸቱም እዚያው ይወለዳል። በመካከል ኢንፑቱ ቢያንስ 1 ሜጋኦም የሆነ ፕሪአምፕ (ደካማ ሲግናል ማጉያ) ወይም አክቲቭ ዲአይ ቦክስ (በኃይል የሚሠራ፣ መሣሪያን ከሚክሰር የሚያገናኝ ሳጥን) ይግባ፤ እስከዚያ ያለው ኬብል ከ3 ሜትር አይብለጥ። ፌዝ መገልበጫ (የድምፁን ሞገድ አቅጣጫ የሚገለብጥ) ቁልፍ ካለው ሁለቱንም ሞክርና ጩኸቱ ዘግይቶ የሚነሳበትን ያዝ።

ለዋሽንት ማይክ የግድ ነው። ዳይናሚክ ማይክ ከአፉ ከ5 እስከ 10 ሳንቲሜትር አስጠጋ፤ ትንፋሹ በቀጥታ እንዳይመታው ወደ ጎን ሸሸት አድርገው። ከ200 ሄርትዝ በታች ቁረጥ፣ በማይነፋበት ጊዜም ዝጋው። የተከፈቱ ማይኮች ቁጥር በእጥፍ ሲጨምር ከጩኸት በፊት የሚቀርህ ጉልበት በ3 ዴሲቤል ይቀንሳል።

ሞኒተሩ የት ይቀመጥ? ካርዲዮይድ ማይክ (ከፊት በኩል የሚሰማ) የማይሰማው ከጀርባው ስለሆነ ሞኒተሩ ከተጫዋቹ ፊት ለፊት፣ ከማይኩ ጀርባ ይሁን። ሱፐርካርዲዮይድ (ከካርዲዮይድ ይበልጥ ጠባብ) ከሆነ ግን ከጀርባው ትንሽ ይሰማል፤ ሞኒተሩን ወደ ጎን አዙረው። ለፒየዞ ደግሞ ቁም ነገሩ ርቀቱና ሞኒተሩ ቆዳውን ፊት ለፊት አለመምታቱ ነው። የቤዝ አምፑን ከመሲንቆው ጀርባ አታስቀምጥ። ተጫዋቹ በሞኒተር ፋንታ ኢን-ኢር (ጆሮ ውስጥ የሚገባ ማዳመጫ) ካደረገ ግማሹ ችግር አለቀ።

አሁን ወደ ኢኪው። መጀመሪያ ሃይ ፓስ (ከተወሰነ ፍሪኩዌንሲ በታች ያለውን የሚቆርጥ)፦ ክራር 100፣ መሲንቆ 150 ሄርትዝ አካባቢ። ከዚያ ተጫዋቹ መሣሪያውን እንደሚጫወት ይዞ፣ በሚቆምበት ቦታ ቆሞ፣ የሞኒተር ሴንዱን (ከሚክሰሩ ወደ ሞኒተሩ የሚሄደውን ድምፅ መጠን) ቀስ እያልክ ክፈት። ባዶ ወንበር ላይ የተቀመጠ መሲንቆ ሌላ ፍሪኩዌንሲ ላይ ነው የሚጮኸው። ሊጮህ ሲጀምር ፍሪኩዌንሲውን ለይና ከ4 እስከ 6 ዴሲቤል ቁረጥ። ሦስት ቦታ ከቆረጥክ በኋላ አሁንም ከጮኸ ወደ ፒየዞው ቦታ ተመለስ። ሲበቃህ ሴንዱን 6 ዴሲቤል ዝቅ አድርግ።

ስትቆርጥ በጣም አታጥብበው፤ ኪዩ (የመቁረጫው ጥበት መለኪያ) 4 ወይም 5 ይበቃል። ቆዳ በመብራት ሙቀት ይወጠራል፣ በዝናብ እርጥበት ይላላል፤ ቀን በሳውንድ ቼክ ያገኘኸው ፍሪኩዌንሲ ማታ ቦታውን ይለቃል።

ኮምፕሬሰር (የከፍተኛና የዝቅተኛ ድምፅ ልዩነት ማጥበቢያ) ሞኒተር ላይ አታስገባ፤ ተጫዋቹ ሲያርፍ ድምፁን ስለሚያነሳ ጩኸት ይጠራል። ሪቨርብም (ማስተጋቢያው) ለሕዝቡ ስፒከር ብቻ ይሂድ።