መልስ፦ ለቤዝ ጊታር ኮምቦዬ (አምፕና ስፒከር በአንድ ሳጥን ያለው) ተጨማሪ ስፒከር ልግዛ ወይ?

ሰላም ወንድሜ። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሰርግ ስትጫወቱ ቤዝህ ድራሙ ስር እየጠፋ ተቸግረሃል። ተጨማሪ የስፒከር ሳጥን ይጠቅማል፤ ግን ብር ከማውጣትህ በፊት የአምፑን ጀርባ አንብብ።

ስፒከር መውጫው ጋ አምፑ የሚችለው ዝቅተኛው ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ተጽፏል። አምፑ እስከ 4 ኦም ከቻለና የውስጡ ስፒከር 8 ኦም ከሆነ፣ የምትጨምረውም 8 ኦም ይሁን። ሁለቱ በትይዩ ሲገናኙ 4 ይሆናሉ። አምፑም የበለጠ ዋት ይሰጣል። የውስጡ ራሱ 4 ኦም ከሆነ ግን ተወው። ከ8 ኦም ጋር ሲገናኝ ወደ 2.67 ይወርዳል፣ አምፑን ልታቃጥለው ትችላለህ።

የጊታር ገመድ ጃኩ ስለገባ ብቻ እንዳትሰካው! ቀጭን ነው፣ ይግላል። የስፒከር ገመድ ግዛ።

ሳጥኖቹን ጎን ለጎን ሳይሆን አንዱን በአንዱ ላይ ደርብ፤ ድምፁ ወደ ጆሮህ ይቀርባል። ሜዳ ላይ ደግሞ ቤዙን የሚመልስ ግድግዳ የለም። ስለዚህ አዳራሽ ውስጥ የበቃህ እዚያ ያንስሃል። ብዙ ሰው ያኔ ቤዙን ይጨምራል። እኔ ብሆን ሚዱን (መካከለኛውን ድምፅ) ከፍ አደርጋለሁ፤ ከድራሙ ለይቶ የሚያሰማህ እሱ ነው።

ደግሞ የሰርጉ ሳውንድ ሲስተም ጥሩ ሰብዉፈር (የወፍራም ድምፅ ስፒከር) ካለውና አምፕህ የዲአይ መውጫ (ድምፁን በቀጥታ ወደ ሚክሰር የሚልክ) ካለው፣ መጀመሪያ በሚክሰሩ ሞክር። ምናልባት ምንም መግዛት አያስፈልግህም።