ወደማታውቁት ወንዝ ስትሄዱ

ውድ ወጣቶች፣

በሰው ሠራሽ ዝንብ ዓሣ ማጥመድ የጀመራችሁ ልጆች ለአዲስ ወንዝ ስትዘጋጁ የምትጠይቁኝ ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፦ «የትኛውን ዝንብ ልያዝ?» የሥራ ዘመኔን የወንዝ ፍሰት ስለካ፣ በዕረፍቴ ደግሞ ዘንግ ይዤ ወንዝ ዳር ስውል ኖሬያለሁ። መልሴም አልተለወጠም፤ መጀመሪያ ውሃውን እወቁ፣ የዝንቡ ሳጥን በኋላ ይሞላል።

ብዙ ወንዞች የፍሰት መለኪያ ጣቢያ አላቸው፤ መረጃውንም ኢንተርኔት ላይ ታገኙታላችሁ። ቁጥሩ በሰከንድ ስንት ኪዩቢክ ሜትር ውሃ እንደሚያልፍ ያሳያል። የአንድ ቀን ቁጥር ግን ብቻውን ብዙም አይጠቅምም፤ 20 ኪዩቢክ ሜትር ለአንዱ ወንዝ ሙላት፣ ለሌላው ድርቀት ነው። የሳምንቱን የግራፍ መስመር እዩና በዚያ ወቅት ከተለመደው መጠን ጋር አስተያዩት። ሽቅብ እየወጣ ከሆነ ውሃው ይደፈርሳል፣ ዓሣውም ኃይለኛውን ፍሰት ሸሽቶ ወደ ዳር ይጠጋል። ቀስ እያለ እየወረደ ከሆነ ጉዞው ተስፋ አለው። መስመሩ በየቀኑ በድንገት ቀጥ ብሎ ወጥቶ በድንገት የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ከላይ ኃይል የሚያመነጭ ግድብ መኖሩን ጠርጥሩ። እንዲህ ያለው ወንዝ ጠብታ ዝናብ ሳይጥል ይሞላል። ውሃ የሚለቀቅበትን ሰዓት ሳታጣሩ እግራችሁን አታስገቡ፤ ከገባችሁም በኋላ ዳር ላይ አንድ ድንጋይ ምልክት አድርጉና ውሃው ሲውጠው ወዲያው ውጡ።

ቴርሞሜትር ያዙ። ከውድ የክር ማጠንጠኛ ይልቅ እሱ ይጠቅማችኋል፤ ሻጮች ይህን ስል ደስ አይላቸውም። ትራውት የሚባለው የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ የሚስማማው ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ያለ ውሃ ነው። ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ስለዚህ 20 ዲግሪ ሲደርስ ዘንጋችሁን ፈታታችሁ አስቀምጡ፤ በዚያ ሙቀት ታግሎ የደከመ ዓሣ ስትለቁት ዋኝቶ ቢሄድም በኋላ ሊሞት ይችላል። በሞቃት ወቅት ከሆነ የምትሄዱት፣ ዕቅዳችሁን በማለዳ ዙሪያ አድርጉ።

ወደ ዝንቡ ልምጣ። ስትደርሱ ከወንዙ ዳር ጥቂት ድንጋዮች ገልብጣችሁ ከሥራቸው የተጣበቁትን እጮች እዩ፣ ከዚያም ድንጋዮቹን እንደነበሩ መልሱ። የነፍሳቱን ስም ባታውቁም ግድ የለም፤ መጠናቸውንና ቀለማቸውን የሚመስል ዝንብ ምረጡ። የመንጠቆ ቁጥር ሲጨምር መንጠቆው እንደሚያንስ ግን አትርሱ፤ በስህተት ትልልቁን የሚገዛ ጀማሪ ብዙ ነው። ፈቃድ፣ የተዘጋ ወቅት፣ እሾህ (ጫፉ አጠገብ ወደ ኋላ የዞረ ጥርስ) የሌለው መንጠቆ ግዴታ መሆን አለመሆኑ፣ ይህን ሁሉ ከመነሳታችሁ በፊት አንብቡ።

ጫማችሁንም አጥባችሁ አድርቁ። ዲዲሞ የሚባለው አልጌ እ.ኤ.አ. በ2004 በኒውዚላንድ ደቡብ ደሴት ከተገኘ በኋላ አገሪቱ በ2008 ፌልት ከሚባል ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ የተሠራ ሶል ያላቸውን የወንዝ ጫማዎች ከለከለች፤ ፌልት እርጥበት ይዞ ስለሚቆይ አልጌውን ከወንዝ ወደ ወንዝ ያሻግራል። ዕቃችሁ ሲነካ ደረቅ ከሆነ በኋላም ሌላ 48 ሰዓት ጨምሩለት።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ሰምታችኋል። እስከ ደረት የሚደርሰውን የውሃ ሱሪ ስትለብሱ ቀበቶውን ወገባችሁ ላይ አጥብቁ፤ ብትወድቁ ውሃ በቶሎ አይሞላባችሁም። ምርኩዝ ያዙ። ስትሻገሩ ከፍሰቱ ጋር ወደ ታች ሰያፍ ሂዱ፣ አንዱ እግር ሳይደላደል ሌላውን አታንሱ።

የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት አታጥምዱ። ነጸብራቅ የሚቀንስ ፖላራይዝድ መነጽር አድርጋችሁ ተቀመጡና ፈጣኑ ውሃ ከዝግተኛው የሚገናኝበትን መስመር ፈልጉ፤ ዓሣ ብዙ ሳይደክም ምግብ የሚመጣለት እዚያ ነው። ፊቱን ወደ ፍሰቱ አዙሮ ስለሚቆም ከኋላው፣ ከታች በኩል፣ ጎንበስ ብላችሁ ቅረቡ።

በወንዙ የኖረ ሰው ካገኛችሁ «ዓሣው የት ነው?» አትበሉት። «የት ጋ መግባት አይገባም?» በሉት። ይህንን ማንም አይደብቅም፤ ጨዋታው ከሞቀ ደግሞ ስለ ዓሣውም ሳትጠይቁት መናገሩ አይቀርም።